የንግድ ሥራ ዶክትሬት በስንት ዓመት?

በሒሳብ አያያዝ፣ በባንክ፣ በኢንሹራንስና በሥራ አመራር ሙያ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰዎች ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ስለሚመጣው ደረጃ ሲወያዩ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ትምህርቱ ይዘት ሳይሆን ስለ ጊዜው ነው። ዶክትሬቱ በስንት ዓመት ይገኛል? ሥራ ሳይለቁ መማር ይቻላል ወይ? በ2 ወይም በ3 ዓመት ይፈጸማል የሚባለውስ ምን ያህል እውነትነት አለው? ይህ ጥያቄ የስንፍና ወይም የጥድፊያ ምልክት ተደርጎ መቈጠር የለበትም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ዕድሜው የተጋመሰ፣ የትምህርቱንም ወጪ ከደመወዙ ቀንሶ የሚከፍል ሰው ስለ ዓመታቱ ቁጥር አስቀድሞ ማሰቡ ሒሳብ ማወቁን ያመለክታል እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ጥያቄው አዲስም አይደለም። የዶክተርነት ማዕርግ ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ማዕርጉን በአጭር ጊዜ ለመጨበጥ የፈለጉ ሰዎችና ፍላጎታቸውን ለማሟላት የተዘጋጁ ተቋሞች ነበሩ። ከእነዚህ ተቋሞች አንዳንዶቹ በእርግጥ አላስፈላጊ የነበረውን እንቅፋት ከመንገድ ላይ አነሡ፤ ሌሎቹ ደግሞ ስሙን ሰጥተው ፍሬውን አስቀሩ። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ከማስታወቂያ ይልቅ ታሪክ የተሻለ መሪ ነው። ታሪኩም ሲመረመር ሊጠየቅ የሚገባው፣ ዶክትሬት ባጠረ ጊዜ ሁሉ ያጠረው የትኛው ክፍሉ ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማስተማር ፈቃድ

«ዶክተር» የሚለው ቃል ከላቲን የተወረሰ ሲሆን ፍቺው መምህር ማለት ነው። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የነበሩ የመምህራን ማኅበሮች ማዕርጉን ይሰጡ የነበረው አንድ ሰው ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር መብቃቱን ለመመስከር ነበር። በ1215 የሮማው ፓፓ እንደራሴ የነበረው ካርዲናል ሮቤር ደ ኩርሶን ለፓሪስ ሊቃውንት ባወጣው ደንብ፣ በአርት ትምህርት ክፍል የሚያስተምር ሰው ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት እንዲሞላና 6 ዓመት እንዲማር፣ በነገረ መለኮት የሚያስተምር ግን ዕድሜው 35 ዓመት እንዲሞላና ቢያንስ 8 ዓመት እንዲማር ተወስኖ ነበር።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከሩ የታወቀ ነው። በፓሪስም ሆነ በቤተልሔም የነገሩ መሠረት ተመሳሳይ ነው፤ ዕውቀቱን ተማሪው በራሱ ድካም ያከማቻል፤ ምስክርነቱን ግን ለራሱ ሊሰጥ አይችልም። ሌላው ዐዋቂ ሰምቶ፣ ጠይቆና መርምሮ እስኪረካ ድረስ መጠበቅ ግዴታው ነው። ከዶክትሬት ዓመታት ውስጥ በተማሪው ትጋት ብቻ ሊገፋ የማይችለው ክፍል ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነው።

የዘጠኝ ቀን ዶክትሬት

በ1810 የተከፈተውና የዊልሄልም ፎን ሁምቦልት አሳብ መሠረት የሆነው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ለማዕርጉ ሌላ ትርጉም ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ በጀርመን አገር ዶክተር ማለት የቀደሙትን መጻሕፍት የተማረ ብቻ ሳይሆን በራሱ ምርምር አዲስ ነገር አግኝቶ በጽሑፍ ያቀረበ ሰው ማለት ሆነ። ነገር ግን ሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ደንቡን በእኩል ጥንቃቄ አልጠበቁም። አንዳንድ ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ እየተቀበሉ ወደ ግቢያቸው ላልመጣ አመልካች በሌለበት ማዕርግ ይሰጡ ነበር።

ከእነዚህ ማዕርጎች ሁሉ በዓለም የታወቀው በዬና ዩኒቨርሲቲ ለካርል ማርክስ የተሰጠው ነው። ማርክስ በዴሞክሪጦስና በኤፒቆሮስ የተፈጥሮ ፍልስፍና መካከል ስላለው ልዩነት የጻፈውን ድርሰት ኤፕሪል 6 ቀን 1841 ወደ ዬና ላከ፤ በዚያ አንድም ቀን ሳይማር ኤፕሪል 15 ቀን 1841 ዶክተር ተባለ። ከማመልከቻው እስከ ማዕርጉ የፈጀው ጊዜ 9 ቀን ብቻ ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ፈጣን ዶክትሬት የሚቻል ነገር መሆኑን እንደ ማስረጃ ሊጠቅሰው ይችላል። ይሁን እንጂ ማርክስ ከ1835 ጀምሮ በቦንና በበርሊን ሲማር የቆየ ከመሆኑም በላይ፣ ለድርሰቱ መነሻ የሆኑትን የጥናት ደብተሮች መሙላት የጀመረው በ1839 ነበር። ፈጣን የነበረው የጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንጂ የተማሪው ሥራ አልነበረም።

ያው በር ግን ምንም ላልሠራ ሰውም ክፍት ነበር። በ1876 የታወቀው የታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምሰን የጀርመን ሐሰተኛ ዶክተሮች በሚል ርእስ ባወጣው ጽሑፍ በሌሉበት ማዕርግ የሚሰጡትን ዩኒቨርሲቲዎች በብርቱ ነቀፈ። ሞምሰንን ያስቈጣው የጥቂት ሰዎች መታለል ብቻ አልነበረም፤ ሠርቶ ያገኘውም ገዝቶ ያገኘውም የሚይዙት ወረቀት አንድ ዓይነት በመሆኑ የሠራው ሰው ማዕርግ አብሮ መርከሱ ጭምር ነበር። ተቃውሞው እየበረታ በመሄዱ በሌሉበት ማዕርግ የመስጠቱ ልማድ ቀስ በቀስ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ የማዕርግ ዋጋ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰላ አይደለም። ከአንድ ተቋም የወጣ ሰው ሁሉ የሌላውን ተመራቂ ስም ተሸክሞ ይሄዳልና ነው።

ንግድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ

የምርምር ዶክትሬት ወደ አሜሪካ የተሻገረው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ በ1861 ለ3 ሰዎች የመጀመሪያዎቹን የፒ.ኤች.ዲ. ዲግሪዎች ሰጠ፤ በ1876 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም የጀርመኑን አሠራር መሠረት አድርጎ ተቋቋመ። የንግድ ሥራ ትምህርት ግን በዚያን ጊዜ ለጸሐፊዎችና ለመዝገብ ያዦች የሚሰጥ የእጅ ሙያ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበረ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1881 ጆሴፍ ዋርተን የተባለው ባለ ፋብሪካ በሰጠው 100,000 ዶላር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የዋርተን ትምህርት ቤት ተመሠረተ። የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1908 ተከተለ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሌሎቹ ፋኩልቲዎች ዘንድ ለመከበር ዶክተሮች ያስፈልጓቸው ነበር። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ማዕርጉ ለመምህርነት እንደ መግቢያ ቲኬት መታየት ጀምሮ ነበር። ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ በ1903 ፒ.ኤች.ዲ.ን ከኦክቶፐስ ጋር ባመሳሰለበት ጽሑፉ ኮሌጆች የመምህሩን ችሎታ ትተው በስሙ አጠገብ የሚጻፉትን ፊደሎች መቍጠር መጀመራቸውን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ጄምስ የፈራው ማዕርጉ ከሥራ መለኪያነት ወጥቶ የተቋም ማስጌጫ እንዳይሆን ነው። ማዕርጉን በጥድፊያ የሚፈለግ ዕቃ ያደረገው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ፊደሎቹ ብቻ የሚያስፈልጉት ሰው ፊደሎቹን በአጭሩ መንገድ ይፈልጋልና።

በንግድ ሥራ የመጀመሪያው የፒ.ኤች.ዲ. ትምህርት በ1920 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ1922 የመጀመሪያው ተመራቂ ወጣ። በዚያው በ1922 የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የዶክትሬት ትምህርት ከፈተ፤ በኋላም የሚሰጠው ማዕርግ ዲ.ቢ.ኤ. ማለትም የንግድ ሥራ አስተዳደር ዶክትሬት ተባለ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስሕተት አለ። ዲ.ቢ.ኤ. ከፒ.ኤች.ዲ. ያጠረና የቀለለ እንዲሆን ታስቦ የተፈጠረ ማዕርግ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በሃርቫርድ ግን ፒ.ኤች.ዲ. የመስጠት ሥልጣን የአርትና የሳይንስ ፋኩልቲ በመሆኑ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ያለው አማራጭ በራሱ ስም የራሱን ማዕርግ መስጠት ነበር። ከ2018 ጀምሮ ሃርቫርድ በዲ.ቢ.ኤ. ፈንታ ፒ.ኤች.ዲ. የሚሰጥ ሆኗል። እንግዲህ የስሞቹ ልዩነት ከዓመታት ቁጥር ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም ማለት ነው።

የመምህራን እጥረትና የመፋጠን ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የንግድ ሥራ ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት አደገ። መምህራኑ ግን በቁጥርም በዝግጅትም አልበቁም። በ1959 ሁለት ታላላቅ የጥናት ሪፖርቶች ታተሙ፤ አንደኛው ሮበርት ጎርደንና ጄምስ ሃዌል በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ያዘጋጁት፣ ሁለተኛው ፍራንክ ፒርሰን በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ድጋፍ የመራው ነበር። ሁለቱም የትምህርቱን ደረጃ ዝቅተኛነት፣ የመምህራኑን ዝግጅት ማነስና የምርምሩን ድክመት ገለጡ።

መፍትሔ ሆኖ የተወሰደው እርምጃ ሊስተዋል የሚገባው ነው። ፎርድ ፋውንዴሽን ለዶክትሬት ተማሪዎችና ድርሰታቸውን ለሚጽፉ ሰዎች የገንዘብ ድጋፍ ሰጠ። በዚህም ተማሪው ሌላ ሥራ ሳይከፋፍለው ሙሉ ጊዜውን ለምርምሩ እንዲያውል አስቻለው። ይህ መንገድ የትምህርቱን ይዘት ሳይቀንስ የቀን መቁጠሪያውን ያሳጥራል፤ ምክንያቱም የሚቀንሰው ሥራውን ሳይሆን ሥራውን የሚያቋርጠውን ነገር ነው።

እየሠራ ለሚማር ሰው ግን ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የኸርበርት ሳይመን ነው። ሳይመን በ1936 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ ከ1939 እስከ 1942 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የአንድ ጥናት ቡድን ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከቺካጎ ጋር ባደረገው ስምምነት የዶክትሬት ፈተናዎቹን በፖስታ ወሰደ፤ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ የሚመረምረውን ድርሰቱንም ከሥራ ሰዓት ውጭ ጻፈ። ማዕርጉን ያገኘው በ1943 ነው። ድርሰቱ ተሻሽሎ በ1947 በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ በ1978 ለተሰጠው የኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ አንዱም ይኸው ሆነ። የፈተናው በፖስታ መምጣት ለሳይመን ጉዞውን አስቀረለት፤ ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ ዶክትሬቱ የነበረው ጊዜ ግን 7 ዓመት ነው። ሳይመንን የጠቀመው ሌላ ነገር የድርሰቱ ርእስ ከዕለት ሥራው ጋር የተቀራረበ መሆኑ ነበር።

ማዕርግ በርቀት፣ ማዕርግ በሽያጭ

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አዲስ ዓይነት ተቋሞች ብቅ አሉ። በ1964 የተቋቋመው ኖቫ ዩኒቨርሲቲና በ1970 የተመሠረተው ዋልደን ዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ሳይለቁ ዶክተር ለመሆን ለሚፈልጉ ሰዎች በር ከፈቱ። ኋላም በ1990ዎቹ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለሥራ አመራር ሰዎች የዲ.ቢ.ኤ. ትምህርት መስጠትን አስፋፉ፤ ኢንተርኔትም የቦታን ርቀት ከሞላ ጐደል አጠፋው። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም አለው። ከቤተሰብና ከደመወዝ ተለይቶ በባዕድ አገር ለዓመታት መቀመጥ ለምርምሩ የግድ አስፈላጊ አይደለም፤ ሳይመንም ያሳየው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን በዬና የታየው ነገር ተደገመ፤ በር በሰፋ ቁጥር የማይገባውም ይገባል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1980ዎቹ በዲግሪ ሽያጭ ላይ ሰፊ ዘመቻ አካሄደ። በ2004 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባቀረበው ምርመራ፣ እውቅና የሌላቸው 3 ትምህርት ቤቶች ብቻ ባቀረቡት የስም ዝርዝር ውስጥ 463 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ተገኙ። በ2015 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በካራቺ የሚገኝ አክሳክት የተባለ ኩባንያ በመቶ በሚቆጠሩ የፈጠራ ትምህርት ቤቶች ስም ዲግሪ ሲሸጥ መኖሩን አጋለጠ።

ከዲግሪ ሽያጭ መጠበቅ በአንጻሩ ቀላል ነው። ለቀድሞ የሥራ ልምድ ዶክትሬት የሚሰጥ፣ የፈታኞችን ስም የማያሳውቅ፣ ወይም ድርሰት ሳይጠይቅ በወራት ውስጥ ማዕርግ የሚሰጥ ተቋም ምን እንደሚሸጥ ግልጥ ነው። አስቸጋሪው ሌላው ነው፤ ይኸውም እውቅና ባለው ተቋም ሕጋዊ ትምህርት ጀምሮ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዓመት ካለፈ በኋላ ገና በመንገድ ላይ የሚገኝ ተማሪ ጉዳይ ነው።

የማስታወቂያው ዓመትና የተማሪው ዓመት

በጃንዋሪ 2022 የዋልደን ዩኒቨርሲቲ የዲ.ቢ.ኤ. ተማሪዎች በሜሪላንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። የክሱ ፍሬ ነገር ዩኒቨርሲቲው ማዕርጉን ለማግኘት የሚያስፈልገውን የክሬዲት ብዛትና ወጪ አሳንሶ አስታውቋል፤ በድርሰቱ ደረጃ ላይ የሚደረገው ተደጋጋሚ ምርመራና እርማትም ተማሪዎችን ለተጨማሪ ሴሚስተሮች ክፍያ ዳርጓቸዋል የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጥፋተኛነቱን ሳያምን በ2024 ጉዳዩ በ28.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ስለ ክሱ ትክክለኛነት ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ባይሰጥም ጉዳዩ ያሳየው የችግሩን ቦታ ነው። ኮርስ የሚቆጠር ነገር በመሆኑ ዋጋውም ጊዜውም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ድርሰት ግን በፈታኞች እርካታ እንጂ በሴሚስተር ቁጥር አያልቅም። ስለዚህ ለኮርሱ የተሰጠው ተስፋ አብዛኛውን ጊዜ ይፈጸማል፤ ለድርሰቱ የተሰጠው ተስፋ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊሰጠው የሚችል አልነበረም።

ችግሩ የግል ተቋሞች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ መረጃም አለ። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች ፒ.ኤች.ዲ. ከጀመሩት ተማሪዎች ውስጥ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ የፈጸሙት 57 በመቶ ያህሉ ናቸው። እነዚህ ተማሪዎች በብርቱ ውድድር ተመርጠው የገቡ ናቸው። በብሪታንያም የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጥናት ምክር ቤት ከ1985 ጀምሮ ተማሪዎቻቸው በ4 ዓመት ውስጥ ድርሰታቸውን በበቂ ቁጥር ለማያስረክቡ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማ እስከ መከልከል ደርሷል። አገሪቱ የ3 ዓመት ትምህርት በምትለው ነገር ላይ 4 ዓመትን ለማስከበር ቅጣት ማስፈለጉ ብዙ ነገር ይናገራል።

በአሜሪካ ከኮርሱና ከአጠቃላዩ ፈተና አልፈው በድርሰቱ ላይ የቀሩ ሰዎች «ከድርሰቱ በቀር ሁሉን የፈጸሙ» የሚል መጠሪያ አላቸው። መጠሪያው ለስላሳ ነው፤ ቁስሉ ግን ጥልቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ከፍሏል፣ ዓመታቱን አሳልፏል፣ ማዕርጉን ግን አልያዘም። በከፊል የተፈጸመ ዶክትሬት እንደ ከፊል ዶክትሬት አይቈጠርም።

የዓመታቱ ሒሳብ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለአንድ ባለሙያ ሊነገር የሚችለው ግምት ምን ይሆናል? በአሜሪካ የንግድ ሥራ ፒ.ኤች.ዲ. በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው 5 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚህም የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ለኮርስና ለአጠቃላዩ ፈተና ይውላሉ። በብሪታንያ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከ3 እስከ 4 ዓመት፣ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ደግሞ ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ያስፈልገዋል። ለሥራ ሰዎች የተዘጋጀ ዲ.ቢ.ኤ. በ3 ዓመት ሊፈጸም ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ሁሉም ነገር የሰመረለት ሰው የሚደርስበት ነው እንጂ ጠቅላላው መለኪያ አይደለም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ብሎ ማቀድ ከብዙ ኀዘን ያድናል።

የሒሳብ ሰው ነገሩን በሰዓት ቢያሰላው ይበልጥ ይገለጥለታል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚያጠና የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 2,000 ሰዓት፣ በ3 ዓመት 6,000 ሰዓት ይሆናል። ከሥራ በኋላ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው በዓመት 500 ሰዓት ያጠራቅማል፤ ያንኑ 6,000 ሰዓት ለመድረስ 12 ዓመት ያስፈልገዋል። በሳምንት 20 ሰዓት ማለትም በየምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየቀኑ 5 ሰዓት ቢመድብ 6 ዓመት ይሆንለታል። የምርምሩ ርእስ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ከዚህ ላይ የሚቀነስ ይኖራል። ይሁን እንጂ በሳምንት 10 ሰዓት በ3 ዓመት የሚፈጸም ዶክትሬት ካለ ወይ ምርምሩ ቀድሞ ተሠርቷል፣ ወይ ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ ወይም አይሠራም።

በእርግጥ ጊዜን የሚያሳጥሩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ትምህርቱ ሳይገቡ ርእስን መርጦ፣ በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን ዋና ዋና ጥናቶች አንብቦ መቅረብ ነው። ሁለተኛው በሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ የምርምር ዘዴንና ስታቲስቲክስን በሚገባ መማር ነው፤ እነዚህን በዶክትሬቱ መካከል እንደ አዲስ የሚጀምር ሰው አንድ ዓመት ያህል ሊያጠፋ ይችላል። ሦስተኛው በርእሱ ላይ ራሱ የሚሠራና ጊዜ ያለው አማካሪ መምህር ማግኘት ነው። አራተኛው መረጃው በእጅ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ይህ የመጨረሻው በተለይ ለባንክና ለሒሳብ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ነው። በአንድ ባንክ ውስጥ ለ15 ዓመት የሠራ ሰው የብድር መዝገቡ ሁሉ በእጁ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን በሥራው ምክንያት ማየት የሚችለውን መዝገብ ለምርምር መጠቀም አይፈቀድለትም፤ የደንበኞችን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የሥራ አመራሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ፈቃዱን በጽሑፍ ካላየ መረጃ መሰብሰብ አይቻልም። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ሥራ አስኪያጁ በተለወጠ ማግስት ዋጋ ያጣል። ይህን ሳያረጋግጥ ተመዝግቦ መረጃ በሚሰበስብበት ዓመት ርእሱን ለመለወጥ የሚገደድ ሰው፣ የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ይሆንበታል።

የማያጥረውም መታወቅ አለበት። አማካሪው አንድን ምዕራፍ አንብቦ እስኪመልስ፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ የተመለሰው ጽሑፍ ታርሞ እንደገና እስኪነበብ የሚያልፈው ጊዜ በተማሪው እጅ አይደለም። በአንዳንድ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በታተሙ ጽሑፎች መነሻነት ዶክትሬት የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ምዝገባው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፎቹ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ናቸው። ይህም የማርክስን የዘጠኝ ቀን ታሪክ መልሶ የሚያስታውስ ነው።

በአገር ቤት ሲታይ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1978፣ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ዶክትሬት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ስለዚህም ምርጫው ከጅምሩ ጥቂት ሰዎች የሚደርሱበት ነበር። ዛሬ ባለሙያው በአገር ውስጥ፣ በውጭ አገር ወይም ከቤቱ ሳይወጣ በርቀት መማር ይችላል። የምርጫው መብዛት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ በአስመራጮች ላይ የነበረውን የመመርመር ሸክም ወደ ተማሪው አዛውሮታል።

ስለዚህ ማንም የማኅበሩ አባል ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለተቋሙ በጽሑፍ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከ6 ዓመት በፊት በአንድ ጊዜ ከተመዘገቡት ተማሪዎች ውስጥ እስካሁን የተመረቁት ስንቶቹ ናቸው? የተመረቁት በአማካይ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? ከተወሰነው ጊዜ ቢያልፍ ለተጨማሪው ሴሚስተር የሚከፈለው ስንት ነው? አማካሪው ቢለቅ ማን ይተካል? የተቋሙን እውቅና የሰጠው የትኛው አካል ነው፤ እውቅናውስ ዶክትሬቱን ይጨምራል ወይ? በተለይ ከውጭ አገር የሚመጣ ማዕርግ በአገር ቤት የአቻ ግምት የሚያስፈልገው በመሆኑ፣ የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ከተመረቁ በኋላ ከመከራከር ይሻላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥር መልስ የማይሰጥ ተቋም በማስታወቂያው ላይ የጻፈውን ዓመት እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ውል መቍጠር አይገባም።

በመጨረሻም ማዕርጉ ለምን እንደሚፈለግ መታየት አለበት። በዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ለመመራመር የሚፈልግ ሰው ያለ ዶክትሬት ሩቅ አይሄድም። በዋና የሒሳብ ሹምነት ወይም በኦዲት ሥራ ለማደግ ለሚፈልግ ሰው ግን የቻርተርድ ሒሳብ ዐዋቂነት ፈተናዎች ወይም ሌላ የሙያ ምስክር ወረቀት በአነስተኛ ጊዜና ወጪ የበለጠ ሊጠቅሙት ይችላሉ። ጄምስ በ1903 የተቃወመው ሰዎች ዶክተር መሆናቸውን ሳይሆን፣ ለማያስፈልጋቸው ሥራ ዶክተር እንዲሆኑ መገደዳቸውን ነው።

ትምህርቱን ለመጀመር የወሰነ ሰው አንድ ወረቀት ወስዶ በሳምንት የሚያገኘውን ትክክለኛ ሰዓት፣ ለ6 ዓመት የሚከፍለውን ገንዘብ፣ መረጃውን የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድና የአማካሪውን ስም ቢጽፍ ይበጀዋል። ከአራቱ አንዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ምዝገባው ለአንድ ዓመት ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ያ ዓመት ርእስን በማጥናትና ፈቃድ በማግኘት ካለፈ ከትምህርቱ ዓመታት ላይ የሚቀነስ ነውና። አራቱ ሁሉ ተሞልተው፣ ድምሩም 6 ዓመት መጥቶ፣ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ተመካክሮ አሁንም ትምህርቱን የሚሻ ከሆነ በ4 ዓመት የመፈጸም ዕድል ያለው ሰው እሱ ነው።